«እኔ አልሰማም፤ አንተ ስማኝ»

ይህን ታሪክ ከመጻፌ በፊት የባለቤቴን ፈቃድ ጠይቄ ነበር። «ጻፈው፤ ግን የራስህን ጥፋት እንዳታሳንሰው» አለችኝ። እኔም እንዳላሳንሰው ቃል ገባሁላት።

ቤታችን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። በዚያን ጊዜ ግን የምሠራው ኮምቦልቻ ነበር፤ የአንድ ድርጅት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ተረኛ ስሆን እዚያው አድራለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ነገር ግን ሐረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው መንገዱ በኪሎ ሜትር እንደማይለካ ይመሰክራል። በክረምት ጉሙ ሲጥል ሾፌሩ ራሱ ቀጣዩን ኩርባ የሚያገኘው በግምት ነው። ከመሸ በኋላ ደግሞ መኪና ማግኘት ዘበት ነበር።

ባለቤቴ በልጅነቷ ሁለቱም ጆሮዎቿ ይመግሉባት ነበር። ስንጋባ ግራ ጆሮዋ ጭራሽ አይሰማም፤ ቀኙ ቀረብ ብለው በግልጽ ሲናገሩ ይሰማል። ፊት ለፊት ስንቀመጥ ከንፈሬን እያየች ስለምትረዳኝ ብዙ ጊዜ ችግሯን እስከ መርሳት እደርስ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ዘመድ ረድቶን ከአዲስ አበባ የመስሚያ መሣሪያ አገኘች፤ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ዓይነት። ለመጀመሪያ ጊዜ አድርጋው ወደ ቤት የገባች ዕለት ዝናብ ይዘንብ ነበርና ቆርቆሮውን ቀና ብላ እያየች «ይሄ ሁሉ ጩኸት እስከ ዛሬ የት ነበር?» ያለችውን አልረሳም።

ሞባይል ስልክ አገራችን ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። እኛ ቤት እስኪደርስ ግን ስምንት ዓመት ፈጀ። ሲም ካርድ እንደ ልብ የማይገኝበት ዘመን ነበር። እንደ ምንም ብዬ ሁለት ስልክ ገዛሁ፤ አንዱ ለእኔ፣ ሁለተኛው፣ ጫፉ ላይ የእጅ ባትሪ ያለው፣ ለእሷ። ምክንያቴ ግልጽ ነበር፤ ሌሊት ተረኛ ስሆን ቤቴ በሰላም ማደሩን ባውቅ ብዬ ነው። ስልክ ከገዛሁላት ቤቴን የጠበቅሁ መሰለኝ።

የመጀመሪያውን ዕለት ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ወዲያው ወረወረችው። «ውስጡ ንብ ገብቶበታል» አለችኝ። ስልኩን እኔ ሳዳምጠው ደህና ነው። እሷ መሣሪያውን አድርጋ ስታዳምጠው ግን ዝዝዝ ከሚል ድምፅ በቀር የሰው ቃል የለም።

በዚያን ዘመን ይህን ድምፅ ሁላችንም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሰማው ነበር። ስብከቱ መካከል ላይ ከድምፅ ማጉያው «ድድድት፣ ድድድት» የሚል ነገር ይወጣል፤ ወዲያው የአንድ ሰው ስልክ ይጠራና ጉባኤው በሙሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ትውልድ የሚባለው የሞባይል ስልክ የሬዲዮ ሞገዱን ሳያቋርጥ አይልክም፤ በሰከንድ ወደ 217 ጊዜ እየቆራረጠ ነው የሚልከው። በአቅራቢያው ያለ ማጉያ ሁሉ ይህን ቁርጥራጭ ይቀበልና ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። የመስሚያ መሣሪያ ደግሞ ምንድን ነው? ከጆሮ ጀርባ የተንጠለጠለች ትንሽ ማጉያ ናት። ስልኩ ኔትዎርክ ሲያጣ ኃይሉን ስለሚጨምር ድምፁ ይብሳል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አንዱ ቤት ኔትዎርክ ሞልቶ ጎረቤቱ ኔትዎርክ ፍለጋ ግቢ ውስጥ የሚዞርባት።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ ለባለቤቴ የሰጠኋት መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «ትለምጂዋለሽ»።

አልለመደችውም። መሣሪያውን አውልቃ በባዶ ጆሮዋ ለመስማት መሞከር ጀመረች። ያን ጊዜ ደግሞ እኔ መጮህ ነበረብኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቆሜ «ሽንኩርት ግዢ! ሽን-ኩ-ርት!» እያልኩ ስጮህ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቃሉ። አፈርኩ። እውነቱን ልናገር፤ ያፈርኩት በጩኸቴ ሳይሆን በእሷ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን «ከእንግዲህ ስልኩ ሲጠራ ልጁ ያንሳው» ብዬ ወሰንኩ። የበኩር ልጃችን ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ባለትዳሮች ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከባለቤቴ ጋር በስልክ የምነጋገረው በዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ሆነ። ስለ ሽንኩርትና ስለ ቤት ኪራይ መነጋገር ይቻላል። ጠዋት ተቆጥቼ ከቤት ወጥቼ እንደሆነ ግን «ይቅር በይኝ በላት» ብሎ በልጅ በኩል መላክ እንዴት ይቻላል? እሷስ «ሌሊቱን ፈራሁ» ብላ በልጇ በኩል ትልካለች? አትልክም። የማይላከው ነገር ሁሉ ሳይነገር ይቀር ጀመር። እሷ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣው ትውላለች። እኔም ይህን እንደ ሰላም ቆጠርኩት።

በ2000 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ልጁ ለአዲስ ዓመት አያቱ ዘንድ ሐይቅ ሄደ። እኔ ኮምቦልቻ ተረኛ ነኝ። ቤት ውስጥ ያሉት ባለቤቴና የሦስት ዓመቷ ልጃችን ብቻ ናቸው። ልጅቷ ሁለት ቀን ሲያስላት ሰንብቷል።

ሌሊት 9 ሰዓት ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የባለቤቴ ነው። ራሷ ከደወለችልኝ ወራት አልፈው ነበር።

«ልጅቷ! ትንፋሽ አጠራት!»

«ምን ሆነች? ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«አይሰማኝም። አለህ?»

«አለሁ! ወደ ጎረቤት ሂጂ!»

«አለህ ወይ?»

ዘጋችው። እንደገና ደወለች፤ እንደገና ያንኑ ተባባልን። ሦስተኛው ላይ መካከሉ ላይ ተቋረጠ፤ ካርዷ አልቆ ነበር። እኔ ደወልኩላት፤ አነሳችው። ከበስተጀርባ የልጄ ትንፋሽ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ባለቤቴ ግን የምትሰማው ንቧን ብቻ ነው። «ኧረ በእግዚአብሔር ተናገር!» አለችኝ። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እየተናገርኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የጽሑፍ መልእክት ትዝ ያለኝ። እንደምታስታውሱት አገልግሎቱ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ተቋርጦ ነበርና የተመለሰው በሚሌኒየሙ መባቻ፣ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። እንግዲህ አንድ ዓመት ሙሉ በእጄ ነበር። ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ቀልድ እልክበት ነበር። ለባለቤቴ ግን አንድም ቀን ልኬላት አላውቅም፤ መልእክት እንዴት እንደሚከፈትም አላሳየኋትም። ጆሮዋ እንጂ ዓይኗ ምንም አልሆነ፤ በቤታችን ከሁላችንም ይልቅ የምታነብ እሷ ናት! ስልኮቹ ያኔ የእኛን ፊደል ስለማያውቁ በላቲን ፊደል «እትዬ ቤት ሂጂና አንኳኪ» ብዬ ላክሁ። መልእክቱ ደረሳት። የትንሽ ፖስታ ሥዕል ስታይ ካርድ ማለቁን የሚነግር ምልክት መስሏት ስልኩን አልጋ ላይ ጣለችው።

እኔ ከዘበኛው ጋር በር ላይ እንደቆምኩ ነጋ። እንዴት እንደጸለይኩ እዚህ አልጽፍም።

12 ሰዓት ላይ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ የሐረጎን ኩርባዎች በአንድ እጁ እየጠመዘዘ በሌላው ስልክ ያወራ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን እቆጣው ነበር። በዚያ ጠዋት ግን «ፍጠንልኝ» አልኩት። ሃያ ሰው በጫነ መኪና ላይ ያልኩት ነገር ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለቤቴ ግን እኔን ጠብቃ አልቀረችም ነበር። ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ በዝናቡ ወጣች። የረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ስለነበረ ከታችኛው ግቢ ያሉት፣ እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን፣ ሱሁር ሊያሰናዱ ተነሥተው መብራታቸው በርቷል። በሩን ከፍተው ልጅቷን እንዳዩ «አብሽሪ» አሏት። ባለቤቴ ቃሉን አልሰማችውም፤ ከከንፈራቸው ነው ያነበበችው። ወንድ ልጃቸው ባጃጅ ነበረው። ሆስፒታል አደረሷቸው፤ የሳንባ ምች ነው ተብሎ ኦክስጅን ተደረገላት። እኔ ስደርስ ልጄ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ እንዳለ ተኝታለች። እትዬ የሌሊቱን ምግብ ሳይቀምሱ ጾማቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀምጠዋል።

ባለቤቴ ለሁለት ቀን ምንም አላለችኝም። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ሾርባ ስትቀምስ እንዲህ አለችኝ፤ «ያን ሌሊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያጠፋሁት አንተ እንድትመልስልኝ ስጠብቅ ነው። እኔ እኮ መናገር አላቃተኝም። ያቃተኝ መስማት ነው።»

ይህን አስባችሁት ታውቃላችሁ? የድረሱልኝ ጥሪ ስንል ሁልጊዜ ሁለት ሰው የሚነጋገር ይመስለናል። ጠያቂ አለ፤ መላሽ አለ። ጆሮው የደከመ ሰው ግን መልስ ሲጠብቅ ጊዜው ያልቅበታል። ስለዚህ እሷው ራሷ ሥርዓት አወጣች። ደውላ ስልኩ መነሳቱን ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር ታያለች። ከዚያ «እኔ አልሰማም፤ አንተ ስማኝ» ብላ ትጀምራለች። ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደደረሰ ትናገራለች። ሁሉን ደግማ ትናገራለች። «በጽሑፍ መልስልኝ» ብላ ትዘጋለች። መልእክት መክፈትና መጻፍ ለማስተማር አንድ ምሽት በቂ ነበር። አንድ ምሽት! ያን አንድ ምሽት ዓመት ሙሉ ነፍጌያት ኖሬያለሁ።

ለማያውቃት ሰው ስትደውልም የምትናገረውን በወረቀት ጽፈን ከበሩ ጀርባ ለጠፍን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ፖሊስ 991። ከእነዚህ በታች የአካባቢያችን ጤና ጣቢያና ፖሊስ ጣቢያ ቁጥሮች አሉ፤ እናንተም የየከተማችሁን ጠይቁና ሳይቸግራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ደውላችሁ መሥራቱን አረጋግጡ። 112 የሚባለውንም ቁጥር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ስልኮች ሲሠሩ ቁልፋቸው ተዘግቶም ቢሆን ይህን ቁጥር እንደ አስቸኳይ ጥሪ እንዲያውቁት ተደርገው ነው። ጥሪው የት እንደሚደርስ ግን በየአገሩ ኔትዎርክ ይወሰናል፤ ስለዚህ እሱን ብቻ ተማምናችሁ አትቀመጡ። ዋናው ነገር አድራሻ ነው። የሚያነሳው ሰው ቤታችሁን ከስልኩ ያየዋል ብላችሁ አትጠብቁ። «ቧንቧ ውሃ» ማለት ብቻ አይበቃም። ከየትኛው መታጠፊያ፣ ከየትኛው ሱቅ ጎን፣ በሩ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው መጻፍ አለበት። ደንግጦ የቆመ ሰው የራሱን በር ቀለም ይረሳል፤ አይቻለሁ።

የንቧን ምክንያት ያወቅነው በኋላ አዲስ አበባ አንድ የጆሮ ባለሙያ ዘንድ ስንሄድ ነው። ባለሙያዋ በመሣሪያው ላይ ያለችውን ማብሪያ አሳየችንና «ቲ» የሚለው ላይ አደረገችው። ከዓመታት ጀምሮ እዚያው ነበረች፤ የነገረን ሰው አልነበረም። «ቲ» ላይ ሲሆን መሣሪያው በማይክሮፎኑ መስማቱን ትቶ፣ በውስጡ ባለች የሽቦ ጥቅልል አማካይነት ከስልኩ ማዳመጫ የሚወጣውን የማግኔት ኃይል ይቀበላል። የውጭው ጫጫታ ይቀንሳል። ንቧ ግን ሙሉ በሙሉ አትጠፋም፤ ያ በስልኩ ዓይነት ይወሰናል። ደግሞም ባለቤቴ እንደ ሌላው ሰው ስልኩን የጆሮዋ ቀዳዳ ላይ ስትለጥፍ ኖራለች። በማይክሮፎን ስትሰማ መያዝ የነበረባት ግን ከፍ አድርጋ፣ ማይክሮፎኑ ወዳለበት ወደ ጆሮዋ ጀርባ አስጠግታ ነው። ወይም ላውድ ስፒከር ከፍቶ ራቅ ማድረግም ይረዳል፤ ሚስጥር ባይኖረውም።

ስልክና የመስሚያ መሣሪያ መስማማት አለባቸው የሚለው ነገር በሌላው አገር በሕግ የተያዘ ነው። በአሜሪካ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ስልኮች ከመስሚያ መሣሪያ ጋር እንዲስማሙ ሲያዝ ሞባይልን ትቶት ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ሞባይልም ተጨመረ፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያ አገር የሚሸጥ የእጅ ስልክ ሁሉ እንዲስማማ ተወሰነ። በአንዳንድ ስልኮች ካርቶን ላይ «ኤም 3»፣ «ኤም 4»፣ «ቲ 3»፣ «ቲ 4» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ይኸው ነው። «ኤም» በማይክሮፎን ለሚሰማ፣ «ቲ» በጥቅልሏ ለሚሰማ ነው፤ 4 ከ3 ይሻላል። እኛ አገር ካርቶን ላይ ከመፈለግ ይልቅ የሚቀለው መንገድ ግን መሣሪያውን አድርጎ ሱቅ መሄድና ገንዘብ ከመክፈል በፊት በስልኩ ማውራት ነው። ባለ ሱቁ ፊቱን ቢያጠቁርም ይጥቆር።

በነገራችን ላይ፣ የስልክ ፈጣሪ የሚባለው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ባለቤቱ ሜብል መስማት የተሳናት ነበረች። በአምስት ዓመቷ በበሽታ ነው የመስማት ችሎታዋን ያጣችው። እናቱም ጆሮዋ የደከመ ነበር። ፈጠራውን በ1876 እ.ኤ.አ. አስመዘገበ፤ በማግሥቱ ዓመት ተጋቡ። ስልክ የወጣው ሚስት ስልክ ከማትሰማበት ቤት ነው ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «እሱስ በልጁ በኩል ነበር የሚያናግራት?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ሌሊት እንዲቀሰቅሳት ስልኩን ቫይብሬት ላይ አድርጋ ትራሷ ሥር ታስቀምጠው ነበር። ቻርጅ ላይ ሳለ ግን ይህን አታድርጉ። ባትሪ ይሞቃል፤ ትራስ ሙቀቱን ያፍነዋል፤ እሳት ሊነሣ ይችላል። አሁን ምሽት ላይ ሞልታ ነቅላ ነው የምታስገባው። የመስሚያ መሣሪያውን ትንንሽ ክብ ባትሪዎችም ሕፃናት እንዳይውጧቸው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ያ ሁሉ ሥርዓታችን በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ። ሁለቱ ከተሞች ነፃ መውጣታቸው እስከ ተነገረበት እስከ ኅዳር 27 ድረስ ስልክም መብራትም አልነበረም። 907 የለም፤ የጽሑፍ መልእክት የለም። በእነዚያ ሳምንታት ከእትዬ ግቢ እስከ እኛ በር ገመድ ዘርግተን ጫፉ ላይ ቆርቆሮ አሠርን። እነሱ ሲስቡት እኛ ቤት ይንኳኳል፤ እኔ እሰማለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ቆርቆሮው ሲወዛወዝ ታያለች። ሁለት ጊዜ ተስቧል፤ አንዱን ጊዜ እትዬ ደም ግፊታቸው ተነሥቶ ነበር። ያን ሌሊት በጭለማው ሮጣ ቀድማ የደረሰችው ባለቤቴ ናት።

ዛሬ ባለቤቴ በብሉቱዝ ከስልኩ ጋር የሚገናኝ መሣሪያ አላት። ድምፁ በቀጥታ ጆሮዋ ውስጥ ይገባል፤ ንቧ የለችም። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ልጆቹ ተባብረው ነው የገዙላት። ያቺ የሦስት ዓመት ሕፃን አድጋ ኮምቦልቻ ትማራለች። እሑድ ማታ ሐረጎን ወርዳ ስትደርስ «ደረስኩ እማ» ብላ ትጽፋለች። ባለቤቴ ትደውላለች። «እናትሽ ነኝ። ቧንቧ ውሃ ነኝ። ደህና ነኝ። ልብስ ደርቢ፤ ልብስ ደርቢ» ትልና ትዘጋዋለች።

ልጅቷ ወዲያው ለእኔ ትደውላለች። «አባ፣ አሁን እኮ ትሰማኛለች፤ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትዘጋብኝ?»